ጣርማበር ላይ የምትፈላ መኪና፦ ከክዳኑ ጀምር

ከደብረ ብርሃን የደረሰኝ ጥያቄ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1992 ሃይሉክስ ፒክአፕ አለችኝ። ሞተሯ 2ኤል ነው፣ ናፍታ። ከደብረ ብርሃን ድንች ጭኜ እወርዳለሁ፣ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ እወጣለሁ። ስወጣ የጣርማበር ዋሻ ጋ ሳልደርስ ትፈላለች። ከተማ ውስጥ ግን ምንም አትልም። አንዱ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፤ ባሰባት። ሌላው ቴስታታው ካልወረደ አለኝ። ስወርድ ደግሞ ፍሬኗ እየለሰለሰ ይሄድና ደብረ ሲና ስደርስ እግሬ ወለሉን ይነካል። ሻይ ጠጥቼ ስነሣ ይመለሳል። መፍቻ አለኝ፣ እጄም ሥራ አይፈራም። የቱን ራሴ ልሥራ፣ የቱን ለጋራዥ ልተው?»

ወንድሜ፣ ቴስታታውን፣ ያን ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚደፍነውን የሞተሩን ራስ፣ እንዳታስወርድ። ገና ነው። ምናልባት መጨረሻ ላይ እዚያ እንደርስ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን በትንሽ ብር የሚፈተሹ ነገሮች አሉ። እኔ ብሆን ከራዲያተሩ ክዳን እጀምራለሁ።

ክዳን ስልህ እንዳትስቅ። እኔም ስቄ አፍሬበታለሁ። ገና ሥራ ስለምድ የሠራሁበት ጋራዥ እንዳንተዋ ያለች ፒክአፕ መጣች። ያው በሽታ፣ ያው ዳገት። ቴስታታውን አወረድን። ቶርኖ ቤት ወስደን ፊቱን አስላግን። በቴስታታውና በሞተሩ መሐል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ በአዲስ ገጠምን። ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብለን ዋልን። ባለቤቱ ከፍሎ፣ አመስግኖ ሄደ። በሳምንቱ ተጎትታ ተመለሰች። የፈላችው እዚያው ኩርባ ላይ ነው! አንድ የድሮ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሲያዩን ኖሮ፣ ተነሥተው ክዳኑን አነሡና ላስቲኩን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። እንደ ደረቀ ቂጣ ፍርክስክስ አለ። ምንም አልተናገሩም። ክዳኑን እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። እስከ ዛሬ መኪና ፈላብኝ የሚል ሰው ሲመጣ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ማለቴ ነው። የጋለ ራዲያተር ከፍተው ፊታቸው የተቀቀለ ሰዎች አውቃለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ 90 ገደማ ላይ ይፈላል። ጣልያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው የጣርማበር ዋሻ ጋ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ። እዚያ 89ና 90 ላይ ይንተከተካል። እናትህ ባቄላ ለማብሰል ከሸዋ ሮቢቷ እህቷ ይልቅ ብዙ እንጨት የምትፈጀው ለዚህ ነው።

አሁን ሞተርህን አስብ። ቴርሞስታት ማለት ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚከፍት በር ነው። 82 ተብሎ የተጻፈበት ከሆነ፣ በር መክፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን 95 አካባቢ ነው። ጭነት ይዘህ ዳገት ስትወጣ 95 ለሞተሩ በሽታ አይደለም፣ ሥራው ነው። ታዲያ ውሃው 89 ላይ የሚፈላ ከሆነ እንዴት 95 ይደርሳል? መልሱ ክዳኑ ነው። ክዳኑ ውስጥ ጠንካራ ሞላ አለ። ውሃው ሲሞቅና ሲያብጥ ግፊቱን አፍኖ ይይዛል። በታፈነ ግፊት ውሃ ቶሎ አይፈላም፤ የግፊት ድስት ማለት ነው። ደኅና ክዳን ዋሻው አፍ ላይ እንኳ ውሃህን ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ያቆይልሃል። የላላ ክዳን ግን ያንን ሁሉ ይሰርቅሃል። ቴርሞስታቱ ገና በሩን ሳይጨርስ ውሃው ይንተከተካል። አረፋው ቴስታታው ውስጥ ይገባል። አረፋ ደግሞ ሙቀት አይወስድም። ከተማ ውስጥ ምንም የማትለው ለዚህ ነው፤ እዚያ ሞተሩ እምብዛም አይለፋም።

ክዳኑን እንዴት ታያለህ? ጠዋት፣ ሞተሩ እንደ ውርጭ በቀዘቀዘበት ሰዓት አውጣው። ከታች ክብ ላስቲክ አለ። በጥፍርህ ጫን አድርገው። ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ ወይም የአንገቱ ቅርጽ በጥልቀት ከታተመበት አልቋል። መሐሉ ላይ ትንሽ ሳንቲም የመሰለች በር አለች። በጥፍርህ ሳብ ስታደርጋት ወጥታ ተመልሳ ጥብቅ ማለት አለባት። ያቺ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከራዲያተሩ ጋር በቱቦ ከተያያዘው ትርፍ የውሃ ጠርሙስ ውሃ መልሳ የምታስገባ ናት። እሷ ከተጣበቀች ጠዋት ላይ የራዲያተሩ ቱቦ ጡት እንደጠባው ላስቲክ ተጨምድዶ ታገኘዋለህ። ቀጥሎ የራዲያተሩን አንገት በጣትህ ዙር። ክዳኑ የሚቀመጥበት ከንፈር ከተጎረበጠ ወይም ዝገት ከበላው አዲስ ክዳንም አይረዳህም፤ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለህ አስተካክለው።

ስትገዛ ቁጥሩን አንብብ። ቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 0.9 ወይም 13 ይላል፤ ያው ግፊት በሁለት መለኪያ ነው። ያንኑ ግዛ። «1.1 ይሻላል፣ ይጠነክራል» የሚልህ ሻጭ አይጠፋም። እንዳትሰማው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ራዲያተር ያንን ግፊት አይችልም፤ ከክዳኑ በፊት ጎኑ ይፈነዳል።

ወደ ቴርሞስታቱ እንምጣ። አውጥቶ የጣለው ሰው በክፋት አላደረገውም። ብዙ ሰው «በሩ ሁልጊዜ ክፍት ቢሆን ይቀዘቅዛል» ብሎ ያምናል። ለአንዳንድ የድሮ ሞተር ያስኬዳል። የቶዮታ ናፍታ ቴርሞስታት ግን ከታቹ ሁለተኛ ሳህን አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በአቋራጭ ቀዳዳ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል፣ ቶሎ እንዲሞቅ። ሲሞቅ ላይኛው በር ይከፈታል፣ የታችኛው ሳህን ደግሞ ወርዶ አቋራጩን ይደፍነዋል። ዕቃውን ከናካቴው ስታወጣው አቋራጩን የሚደፍን የለም። የፈላው ውሃ ራዲያተር ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። «ባሰባት» ያልከው ይኸው ነው። እንግዲህ አዲስ ግዛና ግጠም። ከላይ የሚንቀጠቀጥ ትንሽ ፒን ያለባት ቀዳዳ አለች፤ እሷ ወደ ላይ ትሁን። አየር የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። ጎሚኒውን እንዳትረሳ። ሁለት ቡሎን ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብህም። ካሮጌ ሞተር ጋር ስለሆንክ ግን ቡሎኖቹን አትገትራቸው። አሉሚኒየም ላይ የተበጠሰ ቡሎን ግማሽ ሰዓቱን ግማሽ ቀን ያደርገዋል።

አዲሱን ሳትገጥም በድስት መፈተንህ አይቀርም፤ ሁላችንም እንሞክራለን። በክር አንጠልጥለህ ውሃው ውስጥ ታስገባዋለህ፣ ታፈላዋለህ፣ በሩ ሲከፈት ታያለህ። ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃህ ከ90 ብዙም አያልፍም፤ በሩ ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው ደግሞ 95 ላይ ነው። ስለዚህ ግማሽ ብቻ ተከፍቶ ታየዋለህ። 88 የሚል ከሆነማ ገርበብ ማለቱንም ተመስገን በል። «አበላሽተው ሸጡልኝ» ብለህ ሱቅ ሄደህ እንዳትጣላ። 82ቱን ሸዋ ሮቢት ወርደህ ብትሞክረው ሙሉ ለሙሉ ይከፈታል።

አሁን ስለ ቴስታታው። የ2ኤል ቴስታታ ሲግል የመሰንጠቅ ልማድ አለው፤ ያንን መካኒክ ውሸታም ማለት አልችልም። ደጋግሞ የፈላ ሞተር ላይ ጓርኒሲዮኑም ሊያልፍ ይችላል። ግን ሳያወርዱ ማወቅ ይቻላል። ጠዋት፣ ቀዝቃዛ ሞተር፣ ክዳኑን ክፈት፣ ውሃውን እስከ አንገቱ ሙላ፣ አስነሣ። ፊትህን ራቅ አድርገህ አንገቱን ተመልከት። መጀመሪያ አንዳንድ አረፋ ቢወጣ የተያዘ አየር ነው፤ ይጠፋል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ሳያቋርጥ የሚንቦጨቦጭ ከሆነ፣ ነዳጅ ስትሰጠው የሚብስ ከሆነ፣ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እያለፈ ነው። ሁለተኛ፦ ክዳኑን ዘግተህ እንደገና ከቀዝቃዛ አስነሣና የላይኛውን ቱቦ ጨብጥ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ገና ሳይሞቅ፣ እንደ እንጨት ከደደረ ያው ነው። ሦስተኛ የዘይት መለኪያውን አውጣ። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ አትንዳት፤ ጎትታት። እነዚህ ሦስቱ ንጹሕ ከሆኑ ቴስታታው ይቆይ። ከሦስቱ አንዱ ከታየ ግን ሥራው የጋራዥ ነው። ያለ ቶርክ መፍቻና ያለ ቶርኖ ቤት ቴስታታ ግቢ ውስጥ አይወርድም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበልህ። ራዲያተሩን ከፊት በባትሪ እየው። ድንችና ሽንኩርት የሚጭን ሰው ገበያ ለገበያ ሲዞር እብቅና ገለባ ይሰበስባል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ቀስ ባለ ውሃ እጠበው። በኃይለኛ ፓምፕ ካጠብከው ክንፎቹ ይጣመማሉ፣ ከቆሻሻው የባሰ ይዘጉሃል። ቬንትላተሩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ከላላ ወይም ከተብለጨለጨ ቀይረው። ቬንትላተሩ ዙሪያ የነበረው የፕላስቲክ ከለላ አለ ወይ? ብዙ ሰው አንዴ ለሥራ ፈትቶት ሳይመልሰው ይቀራል፤ ያለ እሱ ቬንትላተሩ ዝም ብሎ አየር ያማስላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ግን ገና ሙቅ ሳለ ቬንትላተሩን በእጅህ አሽከርክረው። ያለ ምንም መያዝ በነፃ የሚዞር ከሆነ መሐሉ ያለው ክብ ነገር ዘይቱን ጨርሷል። የውሃ ፖምፓው ሥር ዝገት የመሰለ መንገድ ካየህ ፖምፓው እየለቀሰ ነው።

ጭስህንስ አይተኸዋል? ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የምትለቅ ከሆነ አንድ ሰው «ጉልበት ልጨምርላት» ብሎ የናፍታ ፖምፓውን ነካክቶታል። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሲሦ ገደማ ይሳሳል። ናፍታ ብትጨምርበት የሚያቃጥለው አየር የለም፤ ትርፉ ጭስና ግለት ነው። እሱን አንተ አትንካው። ፖምፓ የሚያስተካክል ባለሙያ ጋ ውሰዳት። ግን መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ አራግፍ፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው።

ውሃውስ ከየት ነው የምትሞላው? ከወንዝ ከሆነ ተው። ራዲያተሩ ውስጥ የሚቀረው ደለል እንደ ጀበና ቂጥ ይጋገራል። ኩላንት ግማሽ፣ ዲስቲልድ ውሃ ግማሽ አድርገህ ሙላ። ዲስቲልድ ስልህ ባትሪ ቤት የሚሸጠውን አሲድ አይደለም፤ ጠይቀህ ግዛ። ካጣህ ከንጹሕ ቆርቆሮ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከወንዙ ይሻላል። ኩላንት መፍያውን ከፍ ያደርግልሃል፣ ዝገት ይከላከልልሃል። ከዚያም ሌላ ጥቅም አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ ደብረ ብርሃን ላይ ደጅ ያደረ ንጹሕ ውሃ በረዶ ሊሆን ይችላል። በረዶ የሆነ ውሃ ደግሞ ራዲያተር ይሰነጥቃል።

ስትወጣ ከፈላችብህ ደግሞ ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ። ውሃ ጨርሳ ካልሆነ በቀር። ጥግ ያዝ፣ ቆመህ፣ ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ይቀዝቅዝ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈተው። እግርህ ይቃጠል፣ ሞተርህ ይትረፍ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ የሚያፈሱትን አይተህ እንዳትከተል። 2ኤል የሚሰነጠቀው በብዛት ያኔ ነው።

እስካሁን ያልኩህ ሁሉ ብር የሚያስወጣ ነገር ነው። ፍሬኑ ግን ሌላ ነው። እሱ እስኪስተካከል ድረስ ድንች ጭነህ ያንን ቁልቁለት አትውረድ። ቀልድ የለም።

አንድ ሂሳብ ልስጥህ። መኪናህ ከነጭነቷ 2,500 ኪሎ ብትሆን፣ ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,800 ሜትር ቁልቁል ብትወርድ፣ መንገድ ላይ የምትለቀው ኃይል 140 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ ለማፍላት ይበቃል። ሰባት ጀሪካን ገደማ። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ንፋሱና ሞተሩ ቢካፈሉት ቀሪው ፍሬን ላይ ይወድቃል። አንተ በአራተኛ ማርሽ እየተንደረደርክ ፍሬን ላይ ቆመህ የምትወርድ ከሆነ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፍሬን ላይ ነው። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሁለተኛ ከሆነ ሁለተኛ። ከኋላህ ያለው አይሱዙ ጥሩንባ ቢነፋ ይንፋ። ፍሬኑን አጥብቀህ ረግጠህ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ከዚያ ልቀቀው፣ ይተንፍስ። ለስላሳ እግር አስቀምጦ መውረድ ነው የሚያቃጥለው።

አሁን ምልክትህን እንመርምር። ፍሬን በግለት የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ግን አልቆም ትላለች፤ ይህ ጎማውን ተጭኖ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ መጋል ነው፣ የተቃጠለ ሽታ አለው። ሁለተኛው ያንተ ነው። ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ይሰምጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህ የፍሬን ዘይቱ መፍላት ነው። ዘይት ልክ እንደ ውሃ ሁሉ አይጨመቅም፤ ትነት ግን ይጨመቃል። እግርህ የሚጨምቀው ትነቱን ነው፣ ጎማው ጋ ምንም አይደርስም።

ለምን ይፈላል? የፍሬን ዘይት እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ይችላል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ሲሆን ከ230 ወደ 155 ነው። አንተ ያልከውን ያህል የሚወርድ ሰው በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር አለበት። የመኪናህ የፍሬን ዘይት መቼ እንደተቀየረ ታውቃለህ? ካልታወቀ መልሱን አገኘን ማለት ነው። የፍሬን ዘይቱን ጠርሙስ ክዳን ክፈትና መልኩን እይ። አዲስ የፍሬን ዘይት የብርዝ መልክ አለው። ያንተ ጠላ ከመሰለ ዛሬውኑ ይውጣ።

ይህንን ራስህ ትሠራዋለህ። ሰው ይርዳህ፤ ልጅህ ወይም ረዳትህ ይሆናል። ሜዳ ላይ አቁም፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ። በክሪክ ካነሣህ ከሥሯ ሳትገባ ወፍራም ግንድ ወይም መደገፊያ አስገባ። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር የሚገባ ሰው ካየህ እግሩን ይዘህ ጎትተህ አውጣልኝ። አንድ ሊትር የታሸገ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ግዛ። ከተከፈተ ጣሳ እየቀዳ የሚሸጥልህን አትቀበል፤ አየሩን ጠጥቷል። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ደግሞ በፍጹም። ጎሚኒዎቹ እንደ ረሰረሰ እንጀራ ያብጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ፍሬኑን ነው የምትቀይረው።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ጥቁር ዘይት በሲሪንጅ ምጠጥና በአዲስ ሙላ። ከዚያ ከፔዳሉ ሩቅ ካለው ጎማ ጀምር፤ ግራ መሪ ስለሆነች የኋላ ቀኙ ነው። ከጎማው ጀርባ ትንሿን ጡት የመሰለች ቡሎን አግኝ። ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር ናት። ከዛገች ማታውን ዘይት አጠጣት፣ ጠዋት በቀለበት መፍቻ ሞክር። በተራ መፍቻ ከጠረብካት አለቀልህ። ጫፏ ላይ ብርሃን የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ አስገባ። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ትንሽ የፍሬን ዘይት ባለበት የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ንከረው። ረዳትህን «ረግጠህ ያዝ!» በለው። ክፈት፤ አሮጌው ይወጣል፣ ፔዳሉ ይሰምጣል። ሳይለቅ ዝጋ። «ልቀቅ!» በለው። እንደገና። ረዳትህ ቶሎ ይሰለቻል፤ ከመዝጋትህ በፊት ከለቀቀ አየር ይገባል፣ ከዜሮ ትጀምራለህ። ቱቦው ውስጥ አረፋ እስኪጠፋና ብርዙ ንጹሕ ሆኖ እስኪመጣ ቀጥል። በየአምስት ስድስቱ ረገጣ ላይኛውን ጠርሙስ ሙላ፤ ባዶ እንዳታደርገው። ቀጥሎ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ዘይቱ ቀለም ይበላል፤ ቦዲው ላይ ከነጠበ ወዲያው ውሃ አፍስስበት።

አንድ የሚረሳ ቦታ አለ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው ወፍራም ብረት፣ ከኋላ ድልድዩ፣ በላይ፣ ሻሲው ላይ፣ ከድልድዩ ጋር በሞላ ወይም በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። ጭነት ሲኖር ጀርባዋ ይወርዳል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። ባዶ ስትሆን ይቀንሳል፣ የኋላ ጎማ እንዳይንሸራተት። እሱም የራሱ ጡት ሊኖረው ስለሚችል መጨረሻ ላይ እሱንም አስወጣው። ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት ንጣፍ ሞላ፣ አስጨምረሃል? ድንች የሚጭን ሰው ሳያስጨምር አይቀርም። ባሌስትራ ሲጨመር ጀርባዋ በጭነት እንደ ድሮው አይወርድም። ቫልቩ «ባዶ ናት» ብሎ ይታለላል፣ የኋላውን ፍሬን ይነፍጋል። ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል፣ ፊቱ ይግላል፣ ዘይቱ እዚያ ይፈላል። እንዲህ ያለች መኪና ስታቆም ፊቷን አፍንጫዋ መሬት እስኪነካ ትደፋለች፣ የፊት ሸራ በወራት ይጨርሳል፣ የኋላው ደግሞ አዲስ እንደሆነ ይቀመጣል። ይህ ከታየብህ የቫልቩን ዘንግ ቁመት ፍሬን የሚያውቅ ሰው ያስተካክልልህ። ራስህ በግምት አታጥምዘው፤ ብታበዛው ዝናብ ላይ ጀርባዋ ይዞርብሃል።

ዘይቱ ተቀይሮ ጎማ ከመግጠምህ በፊት የኋላ ታምቡሮቹን አውልቅና ውስጡን እይ። እርጥብ ከሆነ የጎማው ሲሊንደር እያፈሰሰ ነው። ዘይት የነካው ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ይቀየራል፣ ሁለቱም ጎን እኩል። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ፣ ቆመህ፣ ፔዳሉን መካከለኛ አድርገህ ረግጠህ አንድ ደቂቃ ያዝ። ቀዝቅዞም ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ የላይኛው የፍሬን ፖምፓ ውስጡ አልቋል። እሱን ጋራዥ ይቀይርልህ።

የታይሚንግ ቺንጋውንም፣ የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚጠብቀውን የሞተሩን ቀበቶ፣ ጠይቅ። 2ኤል በቺንጋ ነው የሚሠራው፣ 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይቀየራል። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶን ጋር ይጋጫሉ። መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ የውሃ ፖምፓው ሲነካ አብሮ ይቀየር። የመጀመሪያውን ጊዜ ከሚያውቅ ሰው ጋር ቆመህ እይ፣ ሁለተኛውን ራስህ ታደርገዋለህ።

ዕቃ ለመግዛት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከወረድክ አሮጌውን ክዳንና ቴርሞስታት ይዘህ ሂድ፤ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠህ ቁጥሩን፣ ስፋቱንና የታችኛውን ሳህን አስተያይ። ቴርሞስታቱን የጣለው መካኒክ አሁንም የሆነ ጥግ ላይ አስቀምጦት ይሆናል፤ ጠይቀው።

ሁሉንም ስትጨርስ መጀመሪያ ባዶዋን ውረድ፣ ባዶዋን ውጣ። ስትወርድ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ለመግዛት ስትቆም ከአራቱም ጎማ አጠገብ እጅህን ጠጋ አድርግ፤ እንዳትነካ። ከፊትና ከኋላ የሚመጣው ሙቀት በጣም ከተለያየ ያንን ቫልቭ አስታውስ። ስትመለስ ዋሻው ሳትደርስ ሰፊ ቦታ ላይ ጥግ ይዘህ ትርፍ ጠርሙሱን ተመልከት። ውሃው ከፍ ብሎ ግን ሳይፈላ ካገኘኸው ክዳኑ ሥራውን ይዟል። በማግስቱ ጠዋት ወደ ምልክቱ ተመልሶ ከወረደ በሚቀጥለው ጉዞ ግማሽ ጭነት ሞክር። ካልወረደ ያየኸውን ሁሉ፣ የክዳኑን ቁጥር ጨምረህ ጻፍልኝ።